ማዝጋኑን ራሱን ጠይቁት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊያት ነታንያ፣ ኢር ያሚም ሰፈር ካለው ፎቃቸው ሥር መኪናዋን አስነስታ ማዝጋኑን ስትከፍተው፣ ከመተንፈሻዎቹ የወጣው ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ጎተተኝ። ማዝጋን የምለው መቼም የአየር ማቀዝቀዣውን ነው፤ እዚህ እስራኤል ከገባን ወዲህ እኛ ሰፈር በሌላ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሽታው የእርጥብ አቧራና የከረመ ጨርቅ ነው፤ ነታንያ ላይ ደግሞ ትንሽ የባሕር ጨው ይጨመርበታል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዝበታል። እኔ ግን፣ ሰው ከታዘበኝ ይታዘበኝ፣ በረጅሙ ሳብኩት። የጉልበቴ ዘመን ሽታ ነዋ!

ሊያት ስልኳን እያየች፣ «ኢማ፣ አትጨነቂ፣ ስልኬ የብልሽቱን ኮድ አንብቦልኛል፤ የማዝጋኑ ሴንሶር ነው። ነገ ሙሳኽ እወስደዋለሁ» አለችኝ። ኢማ የምትለው እናቴ ለማለት ነው፤ ሙሳኽ ደግሞ ጋራዥ።

«ሴንሶሩ ምን ነክቶት እንደታመመ ነገረሽ?»

«ሎ» አለች፤ አልነገረኝም ማለቷ ነው።

«እንግዲያው ቁጥሩን ነገረሽ እንጂ በሽታውን አልነገረሽም።»

«ኦይ ኢማ፣ ሹቭ ፓዓም!» ብላ ሳቀች። ደግሞ ጀመረሽ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፤ መኪና ውስጥ አንዲት መብራት በበራች ቁጥር ያንን የሐሩር ወራት እተርካለሁ፤ ልጆቼ በቃላቸው ይዘውታል። እናንተ ግን አልሰማችሁትም፤ ስለዚህ አታመልጡኝም።

ያኔ የምንኖረው እዚያው ነታንያ፣ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ነበር። ልብስ ያልተሰጣበት መስኮት የማይገኝባቸው የድሮዎቹ ብሎኮች አሉ አይደል፣ እዚያ። ከሥር ያለው አትክልት ሻጭ ሐብሐቡን እግረኛ መንገዱ ላይ ይከምርና ሰው በአስፋልቱ ዞሮ ያልፋል። ቡሬካስ የሚሉት ሳምቡሳ መሰል ነገር ከነእንቁላሉ በአምስት ሼቄል ይበላ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ የእንቁላሉን ቅርፊትም አይሰጧችሁ። ካሴት እየሞተ ሲዲ እየተወለደ ነበርና፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለችው የአበሻ ሙዚቃ ቤት የእስክስታ ካሴቶቿን በሳጥን አውጥታ በርካሽ ትበትናቸዋለች፤ ማጫወቻ የሌለው ሰው እንኳ ለሽፋኑ ብሎ ይገዛ ነበር። ወጣቶቹ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪ ለብሰው መሬት ይጠርጉበታል። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ በነሐሴ ሐሩር ካፖርት ደርበው፣ በካፖርቱ ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ካፖርቱም ጃንጥላውም ጠፍቷል። ደግሞ ማን ይጣለው? እነሱ ናቸው የሄዱት።

እኔ የእነዚያ ሽማግሌዎች ሾፌር ነበርኩ። ጧት ከየብሎኩ በር ላይ ሰብስቤ፣ ሁለት ሦስቱን ደግሞ ከኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ጨምሬ፣ ሞዓዶን ወደምንለው የአዛውንቶች መዋያ አደርሳቸዋለሁ፤ ከምሳ በኋላ እመልሳቸዋለሁ። ሚኒባሷ የራሴ ናት፤ ነጭ፣ ጀርመን ሠራሽ፣ ከእኔ በፊት አንድ ሰው ብቻ የነዳት። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁ ሰሞን «ሴት የምትነዳው ላይ የሚሳፈር ነፍሱን የጠላ ነው» ያሉ ወንዶች ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ሁለቱ በኋላ የፊተኛው ወንበር ይገባናል ብለው ተጣልተውበታል።

ከዚያ በፊት የምሠራው አንድ ትልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት መላጥ ነበር። እዚያ ስሜ «ፋኒ» ነው፤ ፈንታነሽ ይረዝምባቸዋል። ከጧት እስከ ማታ አንድ የአማርኛ ቃል ሳይወጣኝ እውልና፣ ቤቴ ስገባ አፌ የተሰፋ ይመስለኛል። ሚኒባሷ ላይ ግን በሩን ስከፍት «ፈንታነሽ ልጀ፣ እንደት አደርሽ? ልጆች ደኅና? ያ ባልሽስ?» ይባላል። ክርክሩ፣ ምርቃቱ፣ ስለ ወገራ የበቆሎ እሸትና ስለ ጣና ዓሣ የሚወራው ውሸት! እናቴን ሱዳን በረሃ ላይ ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ በዚያች መኪና ውስጥ ግን እናት ሞልቶኝ ነበር። ያ መስመር እንጀራዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ እንጀራ እፈልግ ነበር።

እና በዚያ የሐሩር ወር ማዝጋኑ እምቢ አለኝ። እምቢታውም እንግዳ ነበር። ጧት ሲነሳ ጥርስ የሚያፋጭ ቅዝቃዜ ይሰጣል። ሁለት ብሎክ እንደሄድኩ ድምፁ ይወርዳል፣ ንፋሱ ይሞታል፣ ለብ ያለ ነገር ብቻ ይተነፍሳል። ከፊት ለፊቴ የሙቀቱ ቁጥር ሃያ ሁለት ይላል፤ ከኋላዬ ሰው ይቀቀላል። መስኮት እንዳልከፍት ደግሞ ጉድ ይፈላል፤ የእኛ ሽማግሌዎች ከሙቀት ይልቅ ንፋስን ነው የሚፈሩት። ላብ የያዘውን ሰው ንፋስ ከመታው አለቀለት ነው ነገሩ። አንዱ መስኮት ስንጥቅ ባለ ቁጥር ከኋላ «ኧረ ዝጊው፣ ልታስፈጅን ነው!» ይመጣል። ዘግተው፣ ካፖርት ለብሰው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ዝም ብለው ይሄዱልኛል።

አንድ ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ተሰማ፣ ከመኪናው ሲወርዱ አዞራቸውና እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ። ውሃ ጠጥተው ወዲያው ተነሡ፤ ሆኖም ሪቭቃ አየች። ሪቭቃ የመዋያው ራካዜት ናት፣ አስተባባሪዋ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሽማግሌዎቹን እንደ ወላጆቿ ነው የምትጠብቃቸው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ወደ ጎን ወሰደችኝና፣ «ፈንታነሽ፣ እወድሻለሁ። እነዚህ ሰዎች ግን በእኔ ኃላፊነት ናቸው። እሑድ ራሴ አብሬያችሁ እሳፈራለሁ። ማዝጋኑ ካልሠራ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሀሳዓ አመጣለሁ» አለችኝ። ሀሳዓ ማመላለሻው ነው። ምን ብዬ ልከራከራት? ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗ ነው ያንገበገበኝ።

ሺሞን የሚባል መካኒክ ነበረኝ፤ የድሮው የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ቀልዱ የማያልቅ፣ ሬዲዮኑን በመዶሻ እየመታ የሚያሠራ ሰው። ጋዙን ሞላ፤ ልክ ነበር። የሚያፈስ ቦታ ፈለገ፤ የለም። ማጣሪያውን ቀየረ። የሙሳኹን መመርመሪያ ማሽን ሰካና «ኮድ የለም፣ ንጹሕ ናት» አለ። ዓርብ ረፋዱ ላይ በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ኮምፕሬሶሩ፣ ጋዝ መጭመቂያው ነው የሚሆነው። በሚመጣው ሳምንት አጋማሽ ላይ አስመጣልሻለሁ» አለኝ። የሚመጣው ሳምንት አጋማሽ! እኔ እስከ እሑድ ነው ዕድሜዬ።

እዚህ ላይ ስለ ማንበቢያዬ መናገር አለብኝ። በዚያ ዓመት የሾፌሮች የማታ ኮርስ ገብቼ ነበር፤ ስለ መኪና ኤሌክትሪክ። አስተማሪው አንድ ቀን ያለው ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ፦ መኪና ውስጥ አንድ ማኅሼቭ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሞተሩ የራሱ አለው፣ ፍሬኑ የራሱ አለው፣ ማዝጋኑም የራሱ አለው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ብሶት ለራሱ ይይዛል፤ ራሱን ካልጠየቅከው አይነግርህም አለ። እኔ ይሄን ከተሳፋሪዎቼ አውቀዋለሁ፤ አባ ተሰማን ጠይቄ የሌላውን ሰው ቁርጥማት አላገኘሁም። ስለዚህ ሰው ለልጁ ሠርግ ወርቅ ሲገዛ፣ እኔ ሁሉንም ኮምፒውተር የሚጠይቅ የኮድ ማንበቢያ ገዛሁ። ጡብ የሚያህል፣ ገመዱ የወፈረ፣ ከግራጫ መስኮቱ ላይ ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያወጣ ነገር። ባለቤቴ ገቴ አይቶት «ይሄ ነገር እንቁላል ይጠብሳል?» ብሎ ሳቀብኝ። እስኪደክመው ሳቀ።

እና ያኑ ዓርብ፣ ሺሞን ለሻባት፣ ለሰንበት መሆኑ ነው፣ በሩን ሊዘጋ ሲል ጡቤን ከወንበሬ ሥር አወጣሁ።

«ሺሞን፣ ራጋ፣ አንድ ጊዜ ቆይ። የአንተ ማሽን ማንን ነው የጠየቀው?»

«ማንን ማለት?»

«ሞተሩን ነው የጠየቅኸው። ማዝጋኑን ራሱን ጠይቀኸዋል?»

ጭንቅላቱን አከከ። «በዚህ ማሽን አይጠየቅም። ሻባት እየገባ ነው ፈንታነሽ፣ ሚስቴ ትገድለኛለች።»

«እኔ ቀድሜ እገድልሃለሁ።»

ሳቀና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እንዲህ ነበር ሺሞን፤ በነገር ሲይዙት ደስ ይለዋል። ገመዱን ሰካሁት። ማንበቢያዬ አንዱን ኮምፒውተር ሲጠይቅ፣ ሲያልፍ፣ ሌላውን ሲጠይቅ ጠበቅኩ። ሞተር፣ ምንም። ፍሬን፣ ምንም። ማዝጋን ጋ ሲደርስ ቆመ። አንድ ቁጥር አወጣ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር ጽሑፍ። እንግሊዝኛው ለእኔ ግድግዳ ነው፤ ሺሞን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበልኝ፦ «የውስጥ ሙቀት መለኪያው ማራገቢያ፣ አይዞርም።»

ተያየን። «ኮምፕሬሶር አይልም?» አልኩት።

«ኮምፕሬሶር አይልም!» ብሎ ከእኔ የበለጠ ጮኸ።

ነገሩን እየነካካ አስረዳኝ። ከዳሽቦርዱ ላይ፣ ወደ ተሳፋሪው ጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ሳንቲም የምታህል ወንፊት አለች። ከኋላዋ የተደበቀች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማራገቢያ አለች፤ የመኪናውን የውስጥ አየር ወደ ውስጥ እየሳበች ለመለኪያው ታቀርባለች። መለኪያው ያንን አየር ቀምሶ «ሙቅ ነው፣ ጨምር» ወይም «በርዷል፣ ቀንስ» ይላል። አየር ካልደረሰው ግን፣ ቦታው ቀዝቃዛው ቧንቧ አጠገብ ስለሆነ፣ የቧንቧውን ብርድ የሁላችንም ብርድ ያስመስለዋል። ሰው ከኋላ እየነደደ እሱ «በቃ፣ በርዷል» ይላል፤ ማዝጋኑም ያምነውና ይተኛል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ሥሩ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ነበር።

ሺሞን መብራት አበራባትና «አንድ ነገር ታጭቋል» አለ። ፒንሳው አልገባም። ቦርሳዬን ከፍቼ ወረንጦዬን አወጣሁ፤ እሾህ ባይኖርም የጎንደር ሴት ያለ ወረንጦ አትሄድም። ቆንጥጬ ሳብኩ። ነጭ ነገር መጣ፣ እየተሳበ መጣ፣ አሁንም መጣ። ጣቴ ላይ ጠቅልዬ አየሁት፤ የሚታወቅ ነገር ነው። ባዘቶ! ተነድፎ፣ ለፈትል ተዘጋጅቶ፣ እንደ ደመና የሳሳ ባዘቶ። በዚያች ወንበር ላይ የምትቀመጠው ደግሞ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁልጊዜ ከእኔ ጎን የማስቀምጣት፣ ከቤት እስከ ሞዓዶን እንዝርቷን የምታሾር፣ እማማ አለሚቱ።

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። ሺሞን «ማ ዘ?» ይለኛል፤ ምንድን ነው? ባዘቶን በዕብራይስጥ እንዴት ብዬ ልንገረው!

ኮዱን ደመሰስነው፣ ሞተሩን አስነሣን። ገና «እሰይ» ሳልል ኮዱ ተመልሶ መጣ። የሺሞን ስልክ ይጮሃል፣ ሚስቱ ናት። መንገዱ ባዶ ሆኗል፣ ጎረቤት ሙሳኾች ሁሉ ዘግተዋል። እሱ ስልኩን አጠፋና ዳሽቦርዱን መፍታት ጀመረ። ማራገቢያዋን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ባዘቶው ወጥቷል፤ ነገር ግን እንዝርቷ ላይ እንደሚጠቀለለው ሁሉ፣ ተይዛ ከመቆሟ በፊት እየዞረች ቀጭን ፈትል ዘንጓ ላይ ጠምጥማ ኖሯል። እንደገና በወረንጦ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ክሯን ዙር በዙር ፈታሁላት። እፍ ስላት ዞረች። መልሶ ገጠማት፣ ኮዱን ደመሰስን፣ አስነሣን፣ ጠበቅን። ማንበቢያው ከማዝጋኑ ምንም አላገኘም። ባዶ። ሺሞን በጥቁር እጁ ጉንጬን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ፤ የቅባቱን ምልክት ይዤ ቤቴ ገባሁ። ገቴ «ምንድን ነው ግንባርሽ ላይ?» ሲለኝ «ኒሻን ነው» አልኩት።

ሻባቷ እንዴት እንዳለፈች አላውቅም። እሑድ ጧት ሁሉንም ሰበሰብኩና፣ ሪቭቃ ሳትሳፈር በፊት መኪናዋን ጥግ አስይዤ ዞርኩባቸው። ባዘቶውን ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«ይሄን እዚህች ቀዳዳ ውስጥ የከተተ ማነው?»

እማማ አለሚቱ እንዝርቷን አቆመች።

«እኔ ነኝ ልጀ። ሐሩሩ በገባ ሰሞን ነው። ያች ቀዳዳ ጉልበቴ ላይ እፍ እፍ እያለች ብርድ ስታስገባብኝ ወተፍኳት።»

«እማማ፣ ይህች ቀዳዳ እኮ ትስባለች እንጂ አትነፍስም! በሙቀት ስንቃጠል ለምን ዝም አልሽኝ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉ፤ እኔ መች በሽታው እኔ መሆኔን አወቅሁ? ከሙቀቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? አንችም አጠገቧ ነሽ፣ አንችንም እንዳይመታሽ ብየ ነው።»

ምን ትሉታላችሁ? አንጀቴን በላችው። ጉልበቷን ስሜ ነገሩን ነገርኳቸው፤ ዛሬ ሪቭቃ እንደምትፈትነኝ፣ ካልቀዘቀዘ ነገ ሌላ ሾፌር እንደሚመጣ። መኪናው በአንድ ድምፅ ተንጫጫ። አባ ተሰማ በምርኩዛቸው ወለሉን መትተው፣ «ማንም እንዳያማርር! ቢነድም ቀዝቅዟል በሉ!» ብለው አዘዙ።

ሪቭቃ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ፣ ፊቷን ቋጥራ ወጣችና ከፊት፣ ከእማማ አለሚቱ ጎን ተቀመጠች። ገና በሩ ሳይዘጋ ከኋላ ምስክርነቱ ጀመረ፦ «ጦቭ መኦድ! በጣም ጥሩ ነው! ማዝጋን ተባረክ!» ሪቭቃ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ቤተሰቦችሽ ናቸው፣ እሳት ውስጥ ብትከቻቸውም ያመሰግኑሻል። የእነሱ ቃል አይቆጠርልሽም» አለችኝ። ነዳሁ። አንድ ብሎክ፣ ሁለት ብሎክ። ድሮ የሚተኛበት ቦታ ደረስን፤ ጆሮዬን ጣልኩ። አልተኛም። ወደ አደባባዩ ወጣን፤ ፀሐይ መስተዋቱን ትጠብሰዋለች፤ እሱ ይነፍሳል። ከኋላ ያለው ምስጋና እየሳሳ ሄደ። አንዱ አስነጠሰ። ካፖርት ሲቆለፍ ሰማሁ። ከዚያ አባ ተሰማ፣ ራሳቸው ያዘዙት ሰውዬ፣ ከመጨረሻው ወንበር ጮኹ፦

«ኧረ ፈንታነሽ! ኧረ በአምላክሽ ቀንሽው፣ ብርድ ፈጀን!»

ከዚያማ ግድቡ ተሰበረ። «አጥንቴ ገባ!» «እግሬ ደነዘዘ!» «ወይ ልታስፈጅን!» ያ ሁሉ ሰው በነሐሴ ፀሐይ ውስጥ ብርድ፣ ብርድ ብሎ ጮኸብኝ፤ እኔም መሪውን ይዤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ ብዙ እልልታ ሰምቻለሁ፣ የልጆቼን ሠርግ ጭምር። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። በጎን ሪቭቃን አየኋት። የተጣጠፉት እጆቿ ብብቷ ሥር ገብተዋል። ክንዷ ላይ ያለው ጠጉር ቆሟል። እማማ አለሚቱ አየቻትና ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ ሪቭቃም እስከ ጆሮዋ ተከናነበችው።

«ፈንታነሽ» አለች በመጨረሻ፣ «ታንሚኺ ቅጻት። ትንሽ ቀንሽው።»

«አልቀንስም!» አልኳት። «ልትፈትኚው አይደል የመጣሽው? ፈትኚው!»

ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ከነመንቀጥቀጣቸው ሳቁ። አንድ መታጠፊያ ያህል አስጨንቄያቸው ቀነስኩት። ሪቭቃ ሞዓዶኑ በር ላይ ከነጠላው ጋር ወርዳ፣ ዘወር ሳትል ሥራዋ ገባች። ነጠላውን ለእማማ አለሚቱ የመለሰችላት ሰኞ ጧት ነው፤ እኔው ሁሉንም ከየብሎኩ ለቅሜ ስደርስ፣ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን አገኘኋት፤ አጥባ፣ አጥፋ፣ በመስኮት አቀበለቻት።